ሳይት ላይ «ተሰጥቷል» የሚባል አፈር የለም፤ የአፈር ላብ ለብቻው ኮርስ ይሁን!

በሲቪል ምህንድስና የፈተና ወረቀት ላይ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፦ «ተሰጥቷል»። የአፈሩ ክብደት ተሰጥቷል። ጥንካሬው ተሰጥቷል። የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቀት ተሰጥቷል። ተማሪው የተሰጠውን ቁጥር ቀመር ውስጥ ይከታል፣ ካልኩሌተሩን ይጫናል፣ መልሱን ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። አምስት ዓመት እንዲህ ተምሮ ይመረቃል። ከዚያ ሳይት ላይ ይቆማል። ከእግሩ ሥር መሬት አለ፤ ቁጥር የሚሰጠው ሰው ግን የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠው የአፈር ላቦራቶሪ ከሶይል ሜካኒክስ ጭራነት ይውጣ። የራሱ ኮድ፣ የራሱ ክሬዲት፣ የራሱ ፈተናና የራሱ ግሬድ ያለው ኮርስ ይሁን። ላቡን ያላለፈ ተማሪ አይመረቅ።

«ይህ የዲፓርትመንቶች የውስጥ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ተከታታዮች ትኖራላችሁ። ቤት የምትሠሩ ከሆነ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ በክረምት በገደላማ መንገድ የምትጓዙ ከሆነ ያገባችኋል። እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የቆምንበት መሬት

ኢትዮጵያ ለአፈር ባለሙያ ቀላል አገር አይደለችም። ገበሬው እንደየአካባቢው መረሬ፣ ዋልካ ወይም ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬታችንን ይሸፍናል። በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲያብጥ የተቀመጠበትን ያነሣል፣ ሲደርቅ መልሶ ያወርደዋል። አዲስ አበባ ከቦሌ እስከ አያት፣ ወረድ ሲልም እስከ አቃቂ፣ ብዙው ሰፈር የተሠራው በዚህ አፈር ላይ ነው። ክረምት ሲገባ አልዘጋ የሚል በር፣ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ ወደ ጎረቤት ያዘነበለ የግቢ አጥር፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ ማዕበል የሚያጎብጥ አስፋልት፦ እነዚህን ያላየ የከተማ ሰው የለም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሲሚንቶው ወይም በግንበኛው ይላከካል። አፈሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ስትሄዱ ደግሞ ቀዩ አፈር ይጠብቃችኋል። እሱም የራሱ ጠባይ አለው። በሐሩር አካባቢ ያሉ አንዳንድ ቀይ አፈሮች ከምርመራ በፊት ኦቨን ውስጥ ከደረቁ ጠባያቸው ይለወጣል። ከአንድ ጉድጓድ ከወጣው አፈር ግማሹን አየር ላይ፣ ግማሹን ኦቨን ውስጥ ብታደርቁት ሁለት የተለያየ ውጤት ልታገኙ ትችላላችሁ። የምናስተምርባቸው መጻሕፍት ደግሞ በአብዛኛው የተጻፉት የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን አፈር ይዘው ነው። ተማሪው ልዩነቱን በስላይድ ሊያነበው ይችላል። የሚገባው ግን ራሱ ሁለቱንም ሞክሮ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያይ ነው።

ተዳፋቱም አለ። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የአባይ በረሃ መንገድ ስንት ጊዜ ተጠግኖ ስንት ጊዜ ተንሸራተተ? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የተደረመሰው የቆሻሻ ክምር ከ100 በላይ ሰው ገደለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰው ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። አንድ የላብ ኮርስ ቢኖር ጎፋ አይደርስም ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለት በሟቾች መነገድ ነው። የምለው፦ መሬቱ እንዲህ የሚንቀሳቀስበት አገር፣ አፈርን በእጃቸው ነክተው የማያውቁ መሐንዲሶችን ማስመረቅ አይችልም።

ላብ የሚባለው ነገር

አሁን በብዙ ቦታ ያለው አሠራር ይህን ይመስላል። የአፈር ላብ የሶይል ሜካኒክስ ትምህርት ማሟያ ነው፤ ከመቶው ጥቂት ነጥብ ይያዝለታል። ሴሚስተሩ ሲያጥር፣ መብራት ሲጠፋ፣ ካሌንደሩ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚሠዋው እሱ ነው። ሌክቸር ሲቀር ሜካፕ ይፈለግለታል፤ ላብ ሲቀር ቀረ።

ሲካሄድም እንዲሁ ነው። አፈሩ ተፈጭቶና ተነፍቶ ትሪ ላይ ይጠብቃል። ከየት እንደመጣ፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። ሃያ ሠላሳ ተማሪ አንድ መሣሪያ ይከባል። ቴክኒሻኑ ይሠራል፣ አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ ሁለቱ በስልክ ፎቶ ያነሣሉ፣ የቀሩት ከኋላ ቆመው ስለ ምሳ ያወራሉ። ሪፖርቱ በግሩፕ ነው። ግሩፑ ደግሞ የአምናውን ባች ሪፖርት በፍላሽ ተቀብሏል። ስም ይቀየራል፣ ቀን ይቀየራል፣ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ትንሽ ይነካካል። መምህሩም ያውቃል። ግን አምስት ማርክ ለያዘ ነገር ማን ከማን ይጣላል?

ጥፋቱን በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ቀላል ነው። ተማሪ ግን ማርክ ወዳለበት ይሮጣል፤ የትም አገር እንዲሁ ነው። ማርኩን በሙሉ ቲዎሪው ላይ ከምሮ «ላቡ ላይ ልፉ» ማለት ቀልድ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። መኖሩን አልቃወምም። ነገር ግን የምርጫ ፈተና እጅን አይፈትንም። ፕላስቲክ ሊሚት ምን እንደሆነ ከአራት አማራጭ መምረጥ አንድ ነገር ነው። እርጥቡን አፈር በመዳፍ እያሽከረከሩ እንደ ክር አቅጥኖ፣ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ መሰባበር የሚጀምርበትን እርጥበት መያዝ ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው በአሳለፈው ተማሪ ቁጥር ሲመዘን፣ ያን ቁጥር የማያሳድግ ነገር ሁሉ ቦታ ያጣል። መጀመሪያ ቦታ የሚያጣው ደግሞ ላብ ነው።

መንጃ ፈቃድን እንኳ ተመልከቱ። የጽሑፍ ፈተና አለው፣ የተግባር ፈተና አለው። የጽሑፉን መቶ ከመቶ ያመጣ ሰው መሪ ይዞ ካልነዳ ፈቃድ አይሰጠውም። «ጽሑፉ ላይ ጥሩ ስላመጣ የተግባሩን ይሸፍንለታል» የሚል ሹም የለም። ለአንድ አውቶሞቢል ያልፈቀድነውን ለባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ መሠረት ፈቅደናል።

ቁጥሩ ሲዋሽ ማን ይነቃበታል?

«መሐንዲስ ቴክኒሻን አይደለም። ምርመራውን ላቦራቶሪው ይሠራል፣ መሐንዲሱ ውጤቱን ይጠቀማል» የሚሉ አሉ። ጥሩ። እስቲ በዚሁ እንሂድ።

አንድ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ጠረጴዛችሁ ላይ መጣ እንበል። ናሙናው ሰኞ ተወስዷል፣ ሪፖርቱ ሐሙስ ተፈርሟል። ውስጡ የኮንሶሊዴሽን ውጤት አለ፤ ሕንፃው ሲጫነው አፈሩ ስንት ይሰምጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ምርመራ ማለት ነው። ይህን ምርመራ በእጁ የሠራ ሰው ቀኑን አይቶ ብቻ ይስቃል። በተለመደው አሠራር አንድ ጭነት ከተጫነ በኋላ 24 ሰዓት ይቆያል፤ በማግስቱ እጥፉ ይጫናል፣ በማግስቱ የዚያ እጥፍ፣ እንዲህ እያለ አምስት ስድስት ጊዜ። ከዚያ ይራገፋል። ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አይወጣም።

ለመንገድ ሥራ የሚፈለገው ሲቢአርም እንደዚሁ ነው። የተጠቀጠቀው ናሙና ውሃ ውስጥ 4 ቀን ይነከራል። በማግስቱ የመጣ «የተነከረ» ሲቢአር ካያችሁ፣ አልተነከረም።

ወይም ሳይቱ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ጣት ያስገባል፤ ሪፖርቱ ግን ሊኩዊድ ሊሚቱ 38 ነው ይላል። ጥቁር አፈር አቡክቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር አያልፈውም። ያ አፈር ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ፣ ውሃና አፈሩ እስኪዋሐዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ፣ እጅ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ያውቃል። ጥቁሩ አፈራችን ላይ ወደ 100 የሚጠጋ ውጤት ብርቅ አይደለም። 38 የሚለውን ሲያይ «ናሙናው ተቀይሯል ወይም ምርመራው አልተሠራም» ብሎ ስልክ ያነሣል። በስላይድ ብቻ የተማረው ግን 38ን ቀመሩ ውስጥ ይከታል፤ ለእሱ «ተሰጥቷል»።

ለግንባታ ፈቃድ ማሟያ ተብሎ የአንዱ ፕሮጀክት ሪፖርት ስሙ ተቀይሮ ለሌላው ይሰጣል የሚለው ወሬ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጆሮ ደርሷል። ቁጥጥር ይጠናከር፣ ጥፋተኛ ይቀጣ እንላለን። ልክ ነው። የሐሰት ሪፖርት የሚረባው ግን አንባቢው በማይነቃበት ቦታ ነው። ቀኑን ቆጥሮ፣ ቁጥሩን ከአፈሩ ጋር አስተያይቶ «ይህ አይሆንም» የሚል መሐንዲስ በየማዘጋጃ ቤቱ፣ በየአማካሪ ድርጅቱና በየኮንትራክተሩ ቢቀመጥ ገበያው ራሱ ይደርቃል።

ቁጥሩ ትንሽ ቢሳሳትስ? አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። የአሸዋማ አፈርን ጥንካሬ የሚገልጽ ፍሪክሽን አንግል የሚባል መለኪያ አለ። መሠረቱ ስንት እንደሚሸከም ሲሰላ፣ ማባዣዎቹ የሚወጡት ከዚህ አንግል ነው። አንግሉ 30 ዲግሪ ሲሆን አንደኛው ማባዣ 18 ገደማ ነው። 25 ዲግሪ ሲሆን ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። እውነተኛው 25 ሆኖ እኛ 30 ብለን ከጻፍን፣ በዚያ ማባዣ በኩል የመሬቱን አቅም ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ አጋነንን። አምስት ዲግሪ ደግሞ ትልቅ ስህተት አይደለም፤ ናሙናውን ሳጥኑ ውስጥ ከመሬቱ ይልቅ አጥብቆ መጠቅጠቅ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። ይህን የሚያውቀው ማነው? ያንኑ አሸዋ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ ጠቅጥቆ የሞከረ ተማሪ ነው።

ሸክላ የምትሠራ እናት አፈሩን በጣቶቿ አሽታ፣ ጠቅልላ፣ «ይኸኛው ይሰነጠቃል፤ ያኛው ለምጣድ ይሆናል» ትላለች። ፕላስቲክ ሊሚት የምንለው ምርመራ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያቺ እናት በእጇ የምታውቀውን፣ ዲግሪ የያዘው ልጇ በወረቀት ብቻ ካወቀው ትምህርቱ ወደፊት ወሰደው ወይስ ወደኋላ?

የሚነሡት ተቃውሞዎች

1ኛ. «ላቡን ከቲዎሪው ከለያችሁት ትስስሩ ይበጠሳል።»

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ የሚያነሡትም ለትምህርቱ የሚጨነቁ መምህራን ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ይለይ የምለው ማርኩን ነው። ላቡ ከሶይል ሜካኒክስ ጋር በአንድ ሴሚስተር ይሰጥ፣ መምህሩም አንድ ሊሆን ይችላል። ክፍል ውስጥ ስለ ኮንሶሊዴሽን በሚማሩበት ሳምንት ላቡ ውስጥ ጭነቱን ይጫኑ። አሁን ያለው ትስስር ወረቀት ላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን ውጦታል። የራሱ ግሬድ ሲኖረው ነው ላቡ ከቲዎሪው እኩል የሚቆመው።

2ኛ. «ካሪኩለሙ ሞልቷል፤ ክሬዲት ከየት ይምጣ?»

ለላብ ተብሎ የተያዘው ሰዓት ዛሬም በኮርስ ዝርዝሩ ላይ አለ። የሚጎድለው አፈጻጸሙ ነው። መጀመሪያ እሱን አውጥተን በራሱ ስም እንመዝግበው። ካነሰ ደግሞ ከሶይል ሜካኒክስ እስከ ፋውንዴሽን ድረስ እየተደጋገሙ የሚመጡ ርዕሶች አሉ፤ ከድግግሞሹ ላይ ይቀነስ። አንድን ቀመር ሁለት ጊዜ ከማስላት አንድ ጉድጓድ መቆፈር የበለጠ ያስተምራል።

3ኛ. «መሣሪያ የለም፣ በጀት የለም።»

የዘመናዊው የአፈር ምህንድስና አባት የሚባለው ካርል ተርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1916 ኢስታንቡል ሄዶ ማስተማር ሲጀምር የሚሠራበት ላቦራቶሪ አልነበረውም። የሲጋር ሣጥንና የተጣለ ዕቃ እየለቃቀመ መሞከሪያውን ራሱ ሠራ። ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚፈተኑበትን የኮንሶሊዴሽን ጽንሰ ሐሳብ ያዳበረው በዚያ ሁኔታ ነው፤ ሙያውን የመሠረተውን መጽሐፍም በ1925 አሳተመ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ትራያክሲያል ማሽን ውድ ነው፣ እውነት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ግን እያንዳንዱ ተማሪ እሱን መንካት ግዴታው አይደለም። ወንፊት፣ ሚዛን፣ ኦቨን፣ የሊኩዊድ ሊሚት ጽዋ፣ የመጠቅጠቂያ ሻጋታና መዶሻ፣ የአሸዋ ኮን፦ በእነዚህ የኮርሱ ትልቁ ክፍል ይሠራል። የፕሮክተር መዶሻ ማለት ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚወድቅ 2.5 ኪሎ ብረት ነው። ሻጋታውም ልኩ የታወቀ የብረት ሲሊንደር ነው። በግቢው ውስጥ የመካኒካል ምህንድስና ወርክሾፕ ያለው ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ከውጭ ግዢ የሚጠብቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

4ኛ. «ተማሪው ብዙ ነው፤ አንድ ቴክኒሻን ነው ያለን።»

ይህ የሰው ኃይል ጉዳይ ነው፤ ቀልድም አይደለም። ግን ምርመራዎቹ ቀናት ስለሚፈጁ ሁሉም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ መሣሪያ ላይ መቆም የለበትም። አራት አራት ሆነው በየጣቢያው ይዞራሉ፤ አንዱ ግሩፕ ሲነፋ ሌላው ያደርቃል፣ ሌላው ይጠቀጥቃል። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የሚነበብ ሰዓት አለ። የሚጠበቅ ነገር መኖሩ ራሱ ትምህርት ነው። ቴክኒሻኑን በተመለከተ ደግሞ፣ በሙያ መሰላል ላይ ከፍ የማይል፣ ጥቅማ ጥቅም የማይታሰብለት ሰው ላቦራቶሪውን ተሸክሞ ይኑር ማለት ግፍ ነው። ኮርሱ ራሱን ሲችል እሱም በስሙ ይጠራል፣ የደረጃ ዕድገት መጠየቂያ መሠረት ያገኛል።

ኮርሱ ምን ይምሰል?

የራሴን ሐሳብ ላስቀምጥ። የተሻለ ያለው ያምጣ።

አንደኛ፣ ኮርሱ ከመሬት ይጀምር። ተማሪዎቹ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ሽፋኑን እየገፈፉ ቀለሙን፣ እርጥበቱን፣ ሥሩን፣ የውሃ ምልክቱን ይመዝግቡ። ናሙናውን ራሳቸው ያውጡ፣ ራሳቸው ያሽጉ፣ ራሳቸው ይሸከሙ። ናሙና ሲበላሽ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ግሩፕ አንድ አፈር ይዞ እስከ መጨረሻው ይሂድ። የውሃ መጠኑን፣ የቅንጣት ስርጭቱን፣ ሊኩዊድና ፕላስቲክ ሊሚቱን፣ እብጠቱን፣ መጠቅጠቁን፣ ሲቢአሩን፣ ውሃ የማሳለፍ አቅሙን፣ ስምጠቱንና ጥንካሬውን ከዚያው አፈር ላይ ይለካ። ዛሬ የሚደረገው በየሳምንቱ የተለያየ አፈር ነው፤ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

ሦስተኛ፣ ሁለት ግሩፖች ሳይነጋገሩ አንድን አፈር ይመርምሩ። ከዚያ ውጤታቸውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ይለያያል። ለምን እንደተለያየ ያስረዱ። ቁጥር ሁሉ ከጥርጣሬ ጋር እንደሚመጣ የሚማሩበት የኮርሱ ትልቁ ቀን ይህ ነው።

አራተኛ፣ ሪፖርቱ በውሳኔ ይለቅ፦ «በዚህ አፈር ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ብሠራ መሠረቱን በስንት ጥልቀት፣ በምን ዓይነት አደርገዋለሁ? መንገድ ቢያልፍበት አፈሩን ልተወው ወይስ ላንሣው?» ምክንያቱን ይጻፍ፣ ይፈርምበት።

አምስተኛ፣ ፈተናው በግል ይሁን። አንድ ተማሪ፣ አንድ ትሪ አፈር፣ አንድ ፈታኝ። «ይህን ለይልኝ» ይባላል። ግሩፕ የለም፣ ፍላሽ የለም። የወደቀ ይደግመዋል።

እዚህ ውስጥ ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር የቱ ነው? አካፋና ዶማ አለን። አፈር ሞልቶናል። የተማሪ ጉልበትም አለን። የጎደለው፣ ይህን ሥራ በትራንስክሪፕት ላይ በራሱ መስመር፣ በራሱ ግሬድ ለመጻፍ የሚወስን ሰው ነው። ያን መወሰን የሚችሉት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ዲኖችና ካሪኩለም የሚከልሱ ኮሚቴዎች ናቸው። የሚቀጥለው ክለሳ ሲመጣ አጀንዳ አድርጉት።

ተማሪዎችም አትጠብቁ። ካሪኩለሙ እስኪቀየር ድረስ የላብ ቁልፍ ጠይቁ፤ ቅዳሜ ግቡ፤ የሰፈራችሁን አፈር በከረጢት አምጡ። ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ደግሞ አፈር መርማሪውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ናሙናውን መቼ ወሰድክ፤ ምርመራውስ ስንት ቀን ፈጀ?» መልሱን በዚህ ጽሑፍ ካነበባችሁት ጋር አስተያዩት።

በሐሳቡ የማትስማሙ መምህራንና የላብ ቴክኒሻኖች ካላችሁ ምክንያታችሁን ከታች አስፍሩ። በተለይ የአፈር ላብን ለብቻው እየሰጠ ያለ ዲፓርትመንት ካለ፣ እንዴት እንደሠራለት ጻፉልን፤ ሌሎች ይማሩበት።